ባሕር የነበረው ቆላ፦ ከአዋሽ እስከ ታጁራ የውኃ ውስጥ ሕይወት

ወደ ካሪቢያን ደሴቶች የሚሄድ ጎብኚ ሻንጣው ውስጥ የዋና መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ አይጠፋም። ቦኔር በተባለችው ደሴት ከመኪና ወርዶ፣ ጫማ አውልቆ፣ ጥቂት ርምጃ ገብቶ ፊትን ውኃ ውስጥ መንከር ኮራል ለማየት ይበቃል፤ ደሴቷን የከበበው ባሕር እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በፓርክነት ተከልሏል። በአፋር እንዲህ ያለ ነገር ይገኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው የለም። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነስቶ በሚሌ በኩል ሰመራ የሚገባ መንገደኛ በመስኮት የሚያየው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ አቧራ፣ ግመልና የጭነት መኪና ነው። ይሁንና ይህ ቆላ ከባሕር ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ሰሜናዊው ክፍሉ አንድ ዘመን ባሕር ነበረ፤ ሐይቆቹና ፍል ውኃዎቹም ዛሬ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ፍጥረታትን ይዘዋል።

ሁለቱም ከተሞች የቆሙት ወደ ባሕር በሚያወርድ መንገድ ላይ ነው። አዋሽን ከተማ ያደረጋት ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር ነው፤ በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በአዋሽ በኩል ያልፋል። ሰመራ ደግሞ አይሳኢታን እንድትተካ በ1990ዎቹ የተቆረቆረች አዲስ የክልል መቀመጫ ስትሆን፣ በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ በሚወርደው የከባድ መኪና መንገድ ላይ ትገኛለች። በመኪና ሲለካ ከአዲስ አበባ ይልቅ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይቀርባታል። ስለዚህ የአካባቢውን የውኃ ውስጥ ሕይወት ለመቃኘት ከወንዙ ተነስቶ ኮራል በሕይወት እስካለበት ባሕር መዝለቅ ያስፈልጋል።

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በ1960 የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ወርዶ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በጥቁር ድንጋይ ላይ እየተከሰከሰ ገደል ይገባል። በዓሣ ዓይነት ብዛት ከባሮ ጋር አይወዳደርም፤ የባሮና የአኮቦ ተፋሰስ ከመቶ በላይ ዝርያዎች ያሉት የአገሪቱ ባለጸጋ ውኃ ነው። የአዋሽ ነዋሪዎች ግን በዘዴያቸው ይገርማሉ። ቆሮሶ እንቁላሏን ደለል እንዳይውጠው በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። አምባዛ ከስንጥቡ በተጨማሪ አየር የሚስብበት አካል ስላለው፣ ወንዙ ጎድሎ ኩሬ ብቻ ሲቀር ሌሎች ዓሦች በሚሞቱበት ጭቃ ውስጥ ይሰነብታል። ጋራ የተባለው ትንሽ ዓሣ ደግሞ በሚወርደው ውኃ እንዳይወሰድ በአፉ ሥር ባለው መምጠጫ ድንጋይ ላይ ይጣበቃል።

ይህን ሁሉ መነጽር አጥልቆ ለማየት መሞከር ግን እብደት ነው። ወንዙ አዞና ጉማሬ አለበት፤ በክረምት ውኃው ከደለል ብዛት ቡናማ ስለሚሆን አንድ ክንድ እንኳ አያሳይም። የአዋሽ ተመልካች ቦታው ከላይ ከገደሉ አፋፍ ነው። ከዚያ ሆኖ አዞዎቹ በአሸዋው ላይ ተዘርግተው ፀሐይ ሲሞቁ መመልከት ይቻላል።

በፓርኩ ሰሜናዊ ጫፍ ያለው ፍልውኃ የተለየ ነው። በዘምባባ በተከበበው ስፍራ ከምድር የሚወጣው ውኃ እስከ ታችኛው ጠጠር ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል። ለዋና የሚመርጡት ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን የሚያቃጥልም፣ አዞ የሚደርስበትም ቦታ ስላለ የፓርኩን ጠባቂዎች ሳይጠይቁ መግባት አይገባም። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ፣ በመተሐራ በኩል፣ የበሰቃ ሐይቅ አለ። ሌሎች የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሲቀንሱ እሱ በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ40 በላይ ሆኗል። ባቡሩንና አውራ ጎዳናውን አስጨንቋል፤ ጨዋማው ውኃ ወደ አዋሽ ቢቀላቀል በታችኛው ተፋሰስ ያሉትን እርሻዎችና ዓሦች ምን ያደርጋቸዋል የሚለው ጥያቄም የውኃ ባለሙያዎችን እያሳሰበ ነው።

አዋሽ ባሕር አይደርስም። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1933 እና 1934 ወንዙን ተከትሎ እስከ መጨረሻው በመውረድ፣ በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ውስጥ እንደሚያበቃ በዓይኑ አይቶ ታጁራ ወረደ። ከአይሳኢታ ወዲያ ወንዙ ጋማሪና አፋምቦን በመሳሰሉ ሐይቆች ላይ ይዘረጋል፤ እነዚህ ወንዙ ስለሚያድሳቸው ዓሣ፣ አዞና ጉማሬ ያኖራሉ። መውጫ የሌለው አቤ ግን የመጣለትን ሁሉ ለፀሐይ ሰጥቶ ጨውን ይዞ ይቀራል። ዳርቻው ላይ ፍል ውኃ ያቆማቸው የኖራ ድንጋይ ምሰሶዎች ዛሬ ከውኃው ርቀው ደረቅ መሬት ላይ መቆማቸው ሐይቁ ምን ያህል እንደሸሸ ይመሰክራል። ወደ ላይ ግድብና መስኖ በጨመረ ቁጥር እዚህ የሚደርሰው ውኃ ይቀንሳል። የአቤ ጉዳይ የቆቃ፣ የከሰምና የተንዳሆ ግድቦችም ጉዳይ ነው።

ከዳሰሳው ሁሉ ረዘም ያለ ቃል የሚገባው ግን አፍዴራ ነው። ከሰመራ በስተ ሰሜን፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኘው ይህ ሐይቅ ጨውነቱ ከባሕር እጅግ ይበልጣል። ዳርቻው ላይ ግን ፍል ውኃዎች እየመነጩ ይገቡበታል፤ ምንጩ ከሐይቁ በሚገናኝበት ቦታ ጨውነቱ ስለሚቀንስ ሕይወት እዚያ ተሰብስቧል። ፍል ውኃዎቹ የጨው ሠራተኞችም የሚታጠቡባቸው ናቸው። በእነዚህ ጠባብ ቦታዎች ሁለት ዓሦች ይኖራሉ፤ ሁለቱም በዓለም ላይ ሌላ አገር የላቸውም። አንደኛው ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ ይባላል። ከ1928 እስከ 1929 ደንከልን ያቋረጠው ጣሊያናዊው ባሮን ራይሞንዶ ፍራንኬቲ መታሰቢያ ሆኖ በ1931 የተሰየመ፣ የቆሮሶ ዘመድ የሆነ ትንሽ ዓሣ ነው። ሁለተኛው ከጣት የማይረዝም ሲሆን፣ በ2001 ለሳይንስ ያስተዋወቁት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የዓሣ ተመራማሪ አበበ ጌታሁን ከአሜሪካዊው ኬነት ላዛራ ጋር ነው። ስሙን ያገኘው በኒውዮርክ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የዓሣ ተመራማሪ ከሆነችው ከሜላኒ ስቲያስኒ ነው።

ሙቀትንም ጨውንም የሚችል ዓሣ በጣም ጥቂት ነው። አብዛኛው የወንዝ ዓሣ ጨው ውኃ ውስጥ ቢገባ የሰውነቱ ውኃ እየወጣ ይደርቃል፤ ሞቃት ውኃ ደግሞ ብዙ ኦክስጅን አይዝም። እነዚህ ሁለቱ ግን በምንጭና በሐይቅ መካከል ባለው ጠባብ ድንበር ኑሯቸውን አደላድለዋል። አደጋቸውም ከዚያው ይመነጫል፦ ድንበሩ ሲጠፋ መሄጃ የላቸውም።

በ1998 የኢትዮ ኤርትራ ጦርነት ሲፈነዳ የአሰብ ጨው ቀረ፤ አፍዴራም የአገሪቱ ዋና የጨው ምንጭ ሆነ። የሐይቁ ውኃ በሞተር እየተሳበ በየገንዳው ይሰጣል፤ ፀሐይ አድርቃው ጨው ሆኖ በከባድ መኪና ይወጣል። የሺዎች እንጀራ ስለሆነ ይቁም ማለት አይቻልም፤ መባልም የለበትም። ነገር ግን ዓሦቹ ሐይቁን በሙሉ አይፈልጉም፤ የሚፈልጉት ጥቂት የምንጭ አፎች ሳይታጠሩ፣ ሳይጠለፉና በሳሙና ሳይበከሉ እንዲቆዩላቸው ብቻ ነው። ይህን ያህል በትንሽ ወጪ ሊጠበቅ የሚችል ብርቅዬ እንስሳ ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ የለም። ዋልያ የብሔራዊ ቡድን መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል፤ የአፍዴራ ዓሦችም ቢያንስ በየትምህርት ቤቱ የሚታወቁ ሊሆኑ ይገባል።

ከአፍዴራ ወደ ሰሜን፣ በአሳሌና በዳሎል ዙሪያ፣ ባሕሩ ራሱ ምልክቱን ትቷል። ከ120 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ የዓለም ባሕሮች ከፍ ባሉበት ሞቃት ዘመን ቀይ ባሕር በሰሜን በኩል ገብቶ ደንከልን ሞልቶት ነበር። በዚያ ባሕር ዳርቻ ያደጉት ኮራሎች ዛሬ በጨው ሜዳው ጠርዝ ላይ እንደ ነጭ እርከን ተዘርግተው ይታያሉ፤ ቅርንጫፎቻቸው፣ ዛጎሎችና የባሕር ዣርት ቅሪቶች በእጅ ሊዳሰሱ ይችላሉ። መነጽርም ቱቦም ሳያስፈልግ በእግር የሚጎበኝ የኮራል ሪፍ ማለት ይህ ነው። ባሕሩ ከተቆረጠ በኋላ ውኃው ተነነ፤ የቀረው ጨው በአሞሌ እየተቆረጠ በግመል በርሃሌ ሲወጣ ኖሯል። በደጋው ቤት ወጥ ያጣፈጠው ጨው ከጥንታዊ ባሕር የተረፈ ነው።

ይህን ታሪክ የሚያጠናክሩ ሌሎች ማስረጃዎችም አሉ። እሳተ ገሞራ ተመራማሪው ሃሩን ታዚየፍ ከባልደረባው ኤንሪኮ ቦናቲ ጋር በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በአፋር ደረቅ ምድር ላይ ከባሕር በታች ፈንድቶ የተፈጠረ አናቱ ጠፍጣፋ ተራራ እንዳለ አሳይተዋል። ከዚህ በስተ ሰሜን፣ በኤርትራ ዙላ ባሕረ ሰላጤ ዳር በምትገኘው አብዱር፣ 125 ሺህ ዓመት ዕድሜ ባለው ሪፍ ውስጥ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተው በ2000 ለዓለም ተነግሯል። ሰዎች በዚያ ባሕር ዳር ዛጎልና ሌላም ምግብ ይለቅሙ እንደነበር ከሚያመለክቱት ጥንታዊ ማስረጃዎች አንዱ ነው። ምድሩም እንቅስቃሴውን አላቆመም፦ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት ተሰንጥቆ በቦታው እስከ 8 ሜትር ተራርቋል፤ በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል። የቀይ ባሕር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የስምጥ ሸለቆ ስንጥቆች የሚገናኙት እዚሁ አፋር ላይ ነው።

ኢትዮጵያ ሕያው ኮራል የነበራትም በቅርብ ነው። ኤርትራ በፌዴሬሽን በተቀላቀለችበት ወቅት፣ ከ1952 እስከ 1953፣ በብሩኖ ቫይላቲ የተመራ የጣሊያን የጠላቂዎች ቡድን ወደ ዳህላክ ደሴቶች ተጉዞ ነበር። ፎልኮ ኩዊሊቺ በዚያ ጉዞ የቀረጸው «ሴስቶ ኮንቲኔንቴ» በ1954 ሲወጣ ከመጀመሪያዎቹ ባለቀለም ረጅም የባሕር ውስጥ ፊልሞች አንዱ ሆነ። በ1962 ደግሞ የእስራኤል ሳይንቲስቶች በዳህላኳ እንተደቢር ደሴት ሰፍረው የባሕሩን ፍጥረታት መዝግበዋል። ከ1993 ወዲህ እነዚህ ደሴቶች የኤርትራ ናቸው።

ለሰመራ ሰው ዛሬ የሚቀርበው ታጁራ ነው። በጋላፊ ወጥቶ ሜዳውን የሚያቋርጥ መንገደኛ፣ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለው የአሳል ሐይቅ ባለበት አካባቢ አልፎ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይወርዳል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በአርታ ባሕር ዳር ዌል ሻርኮች ይሰበሰባሉ። ዌል ሻርክ የዓለም ትልቁ ዓሣ ነው፤ ሲያድግ ከ12 ሜትር ይበልጣል። አርታ የሚመጡት ግን በአብዛኛው ወጣት ወንዶች ናቸው፤ ርዝመታቸው ከ3 እስከ 5 ሜትር አካባቢ ነው። ሥጋ አይበሉም ማለት ይቻላል፤ ሰፊ አፋቸውን ከፍተው በውኃው ገጽ ላይ የሚንሳፈፈውን ፕላንክተን ያጣራሉ። እዚህ በውኃው ገጽ አጠገብ ስለሚመገቡ መነጽርና ቱቦ ብቻ የያዘ ዋናተኛ እንደ ልብ ያያቸዋል።

ከጅቡቲ ከተማ በጀልባ የሚደረስባቸው ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ደግሞ የኮራል ቦታዎች ናቸው። በውኃው ውስጥ ፓሮት ዓሣ ኮራሉን በመንቁር መሰል ጥርሱ እየፈጨ ሲበላ ድምፁ ይሰማል፤ ያደቀቀው ተመልሶ የባሕር ዳር አሸዋ ይሆናል። የባሕር ኤሊ፣ ሬይ ዓሣና በአኒሞን ውስጥ የሚደበቀው ክላውን ዓሣ ይገኛሉ። እዚህ ላይ ከካሪቢያን ጋር ማነጻጸር ይገባል። ካሪቢያን ወደ 65 የሚጠጉ ጠንካራ የኮራል ዝርያዎች ብቻ ሲኖሩት ቀይ ባሕር ከ300 በላይ አለው። ክላውን ዓሣም ካሪቢያን ውስጥ በተፈጥሮ አይኖርም። ባለመርዝ እሾሁ ላዮንፊሽ ግን ከሕንድና ከፓስፊክ ውቅያኖስ አካባቢ በሰው ተወስዶ በ1985 በፍሎሪዳ ታየ፤ ከ2000ዎቹ ጀምሮ ካሪቢያንን አጥለቅልቆ የሪፉን ትንንሽ ዓሦች አመናምኗል። በታጁራ ውኃ በተፈጥሮው የሚገኘውና በሪፉ ላይ እንዲህ ያለ ጉዳት የማያስከትለው ይኸው ዓሣ ነው።

የታጁራ ችግር ጀልባ ነው። ብዙ ዌል ሻርኮች በሞተር ማራገቢያ የተቆረጠ ጠባሳ ተሸክመዋል፤ በአንድ ሻርክ ዙሪያ ብዙ ጀልባ ሲከማች እንስሳው ምግቡን ትቶ ይሄዳል። ሄዶ ማየት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ሞተሩን አርቆ የሚያጠፋ ባለጀልባ ይምረጥ፤ ወደ ሻርኩ ከፊት አይቅረብ፣ አይንካው፣ ኮራል ላይም አይቁም። ከፀሐይ ለመከላከል ቅባት ከመቀባት ይልቅ እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስ ይሻላል፤ አንዳንድ ቅባቶች ኮራልን ይጎዳሉ። ፓስፖርት ያስፈልጋል፤ የቪዛውንም ደንብ አስቀድሞ ማጣራት ይገባል። ጥር ካለፈ ሻርኮቹ ይበተናሉ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሐምሲን የሚባለው ሞቃት ነፋስ ባሕሩን ስለሚያናውጥ ለጉዞ የሚመቹት ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ወራት ናቸው።