የኩሬ ዓሣ ሕመም፤ መለያውና ሕክምናው

ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

ላም ወይም በግ ሲታመም ባለቤቱ ቶሎ ያውቃል። ጆሮውን ይጥላል፣ መኖ ይተዋል፣ ከመንጋው ይለያል። ዓሣ ግን ውሃ ስለሚሸሽገው ብዙውን ጊዜ ሕመሙ የሚታወቀው ሬሳው ሲንሳፈፍ ነው። በዚህ ጊዜ የማኅበሩ አባላት ተደናግጠው ያገኙትን መድኃኒት ሁሉ ከኩሬው ቢጨምሩ፣ ከበሽታው የተረፈው ዓሣ በመድኃኒቱ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አጥብቀን የምናሳስበው፣ ዓሣው ከመታከሙ በፊት ውሃው እንዲመረመር ነው።

1. የሕመም ምልክቶች

ኩሬውን በየቀኑ ጠዋት፣ በተለይም በምግብ ሰዓት መመልከት ያስፈልጋል። ጤነኛ ዓሣ ለምግብ ይሽቀዳደማል፤ ጥላ ሲያይ ይሸሻል። የታመመ ዓሣ ምግብ ይተዋል፤ ለብቻው በኩሬው ዳር ይቆማል፤ ሰውነቱን ከድንጋይና ከእንጨት ጋር ያሻሻል፤ ክንፎቹን ያጥፋል፤ ቀለሙም ይለወጣል።

2. በቅድሚያ ውሃውን መመርመር

ሀ/ የኦክሲጅን እጥረት፦ ቆሮሶና ካርፕ ጎህ ሲቀድ ከውሃው ወለል ላይ አፋቸውን ከፍተው ቢያለከልኩ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን ቢሻላቸው፣ ይህ በሽታ አይደለም። በውሃው ውስጥ ያሉት አረንጓዴ ዕፅዋት ቀን ኦክሲጅን ይሰጣሉ፤ ሌሊት ግን እነርሱም ይጠቀማሉ። በዚህ ምክንያት ኦክሲጅን እጅግ የሚያንሰው ንጋት ላይ ነው። አምባዛ ግን ከአየርም ስለሚተነፍስ፣ አልፎ አልፎ ወደ ላይ ብቅ ማለቱ ብቻውን የሕመም ምልክት አይሆንም።

ክንዳችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ውሃው ውስጥ አስገቡ። ውሃው ክርናችሁ ሳይደርስ ጣቶቻችሁ ከተሰወሩና የውሃው ቀለም አረንጓዴ ከሆነ፣ ፍጉ ወይም ምግቡ በዝቷል ማለት ነው። ምግብና ፍግ መስጠት አቁማችሁ ንጹሕ ውሃ ከከፍታ እየወረደ እንዲገባ አድርጉ። ሌላ ውሃ ከሌለ የኩሬውን ውሃ በባልዲ እየቀዱ መልሶ ማፍሰስ ይረዳል።

ለ/ መርዝ፦ ትልቁም ትንሹም ዓሣ፣ እንቁራሪቱና የውሃ ነፍሳቱ ጭምር በአንድ ጊዜ ካለቁ፣ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ከማሳ የገባ የተባይ ማጥፊያ ነው። የውሃውን መግቢያ ዝጉ። ዓሣው አይበላ፣ አይሸጥ፤ ከብትም ከኩሬው አይጠጣ።

ሐ/ ቅዝቃዜ፦ ቆሮሶ የሙቅ ውሃ ዓሣ ነው። በደጋ ውሃው ከ16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ምግብ ይተዋል፤ ለበሽታም ይጋለጣል። ካርፕ ብርድን ይበልጥ ይችላል።

3. ዋና ዋና በሽታዎች

ሀ/ ነጭ ነጠብጣብ፦ በቆዳና በክንፍ ላይ ጨው የተነሰነሰ መስሎ ይታያል። መንስኤው ከቆዳው ሥር የሚቀመጥ ጥቃቅን ጥገኛ ነው። ጥገኛው ሲያድግ ከዓሣው ይለይና ከኩሬው ወለል ላይ ይራባል፤ የተፈለፈሉትም ሌላ ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። መድኃኒት የሚያገኛቸው ከዓሣው ውጪ ሆነው በሚዋኙበት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ሕክምናውን በአንድ ቀን ማቆም ዋጋ የለውም። የታመመውን በገንዳ ለይቶ፣ በ100 ሊትር ውሃ 300 ግራም ጨው ጨምሮ፣ ቢያንስ ለ10 ቀን ማቆየት ይገባል። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ጊዜው ይራዘማል። ውሃ ሲለወጥ ጨው በዚያው መጠን ይጨመር።

ለ/ ሻጋታ፦ በቆዳ ላይ እንደ ባዘቶ ሆኖ ይበቅላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚከተለው በመረብ ወይም በማጓጓዝ ምክንያት የቆሰለን ዓሣ ነው። በክፍል 4 የተገለጸው የጨው መታጠቢያ ይረዳል።

ሐ/ የክንፍ መበስበስ፣ ቁስልና የሆድ መነፋት፦ እነዚህ ብዙ ጊዜ በባክቴሪያ ይመጣሉ። ሆዱ ተነፍቶ ቅርፊቱ የቆመ ዓሣ የመዳን ዕድሉ አነስተኛ ስለሆነ አውጥቶ በጥልቅ መቅበር ይሻላል። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያለ እንስሳት ጤና ባለሙያ ትእዛዝ አይሰጥ። ከተሰጠም ባለሙያው የወሰነው ቀን ሳያልቅ ዓሣው ለምግብ አይውል።

መ/ በዓይን የሚታዩ ጥገኞች፦ እንደ ክር የተንጠለጠለው ትልና የዓሣ ቅማል ከቆዳ ላይ ይታያሉ። በሥጋው ውስጥ የሚገኘው ቢጫ ትል ደግሞ ከቀንድ አውጣ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ዓሣ በሊታ አዕዋፍ ይተላለፋል። ቢጫው ትል በዓሣው ውስጥ ሳለ መድኃኒት አይገኝለትም፤ የሚቀነሰው በኩሬው ዳር ያለውን አረም በማጨድና ቀንድ አውጣውን በመልቀም ነው። ማንኛውም ዓሣ በደንብ በስሎ ይበላ።

4. የጨው መታጠቢያ

ለግማሽ በርሜል ማለትም ለ100 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ጨው ተመዝኖ በደንብ ይሟሟ። ዓሣው በመረብ ገብቶ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆይ። አጠገቡ ሆናችሁ ተከታተሉ፤ በጎኑ ከተኛ ጊዜው ባይሞላም ወዲያው ወደ ንጹሕ ውሃ መልሱት።

ጨው በኩሬ ውስጥ አይጨመር። ርዝመቱና ስፋቱ 10 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ኩሬ 100 ሺህ ሊትር ውሃ ይይዛል። ለነጭ ነጠብጣብ በተጠቀሰው መጠን እንኳ 300 ኪሎ ጨው ያስፈልገዋል። ወጪው ከባድ ከመሆኑም በላይ ውሃው ለመስኖ ቢለቀቅ መሬቱን ይጎዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ማላካይት ግሪን የተባለውን ቀለም ለምግብ በሚውል ዓሣ ላይ አትጠቀሙ። በሰው ጤና ላይ አደጋ ስለሚያስከትል በብዙ አገሮች ታግዷል።

5. መከላከል

አዲስ የመጡ ጫጩቶች ከ2 እስከ 3 ሳምንት በተለየ ገንዳ ይቆዩ። መረብና ባልዲ ከኩሬ ወደ ኩሬ ከመዛወሩ በፊት በፀሐይ ይድረቅ። ዓሣው ተለቅሞ ካበቃ በኋላ ኩሬው ይፍሰስ፤ በእርጥቡ ወለል ላይ ለ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 15 ኪሎ የተቃጠለ ኖራ ይነስነስ፤ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ውሃ ይሙላበት። ኖራው ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል የሚነሰንሰው ሰው እጁንና ፊቱን ይሸፍን፤ ነፋስንም ከጀርባው ያድርግ።

በመስተዋት ገንዳ ለጌጥ የሚቀመጠው ወርቃማ ዓሣ የካርፕ ዘመድ ስለሆነ ሕመሙም ተመሳሳይ ነው። የገንዳው ውሃ ጥቂት በመሆኑ ግን የምግብ ትራፊውና የራሱ ኩስ ቶሎ ይመርዙታል። በጥቂት ደቂቃ ከሚጨርሰው በላይ አይመገብ፤ ሲታመምም በቅድሚያ የውሃው ሲሶ ይለወጥ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት አንድ ቀን በክፍት ዕቃ ይደር።

በመጨረሻም ማኅበራት አንድ ደብተር እንዲይዙ እንመክራለን። የሞተው ዓሣ ብዛት፣ የታየው ምልክት፣ የውሃው ቀለምና የተሰጠው ምግብ በየቀኑ ይጻፍ። ባለሙያ ሲጠራ ከሬሳው ይልቅ ይህ ደብተር ብዙ ይነግረዋል።