ከመርካቶ ባሕር ዳር ስንት ሰዓት ነው?

የቦሌና የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያዎች በቀጥታ መስመር ቢለኩ ርቀታቸው 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደብረ ማርቆስ በኩል በአስፋልት የሚሄድ ግን 560 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠብቀዋል። ዕቃ ሊያወጣ መርካቶ የሚመላለስ የባሕር ዳር ነጋዴ ይህን ልዩነት በኪሱም በወገቡም ያውቀዋል።

መንገዱን ያስረዘሙት ዓባይና ጮቄ ናቸው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን በቀጥታ 20 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ መኪና ግን ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል ሊወጣ 40 ኪሎ ሜትር ይጠማዘዛል። የጫነ መኪና ዳገቱን በከባድ ማርሽ ሲጎተት ከኋላው ያለው ሁሉ ተሰልፎ ይከተለዋል። ከደብረ ማርቆስ በኋላ ደግሞ አስፋልቱ የጮቄን ተራሮች በምዕራብ ዞሮ በቡሬና በዳንግላ በኩል ያልፋል። አውሮፕላን የዓባይን በረሃ በሁለት ሦስት ደቂቃ ይሻገረዋል።

የአገር ውስጥ መስመሮችን በብዛት የሚሠራው ባለ ሁለት ሞተሩ ዳሽ 8 ኪው 400 ከፍታውን ሲይዝ በሰዓት እስከ 660 ኪሎ ሜትር ይበራል። በዚህ ፍጥነት 330 ኪሎ ሜትር የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ታዲያ ቲኬቱ ለምን አንድ ሰዓት ያህል ይላል? የበረራ ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ቅጽበት አንስቶ ባሕር ዳር መቆሚያው ላይ እስኪደርስ ነው። ወደ ማኮብኮቢያው መንዳቱና ተራ መጠበቁ ይገባበታል፤ ሽቅብ ሲወጣና ለማረፍ ሲወርድ ደግሞ ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ነው። ጎንደር በአየር 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ሳለ የበረራው ሰዓት ከባሕር ዳሩ ብዙም የማይበልጠው ለዚህ ነው፤ ርቀት ሲጨምር የሚጨምረው ፈጣኑ የመሐል ክፍል ብቻ ነው።

ለመርካቶ ሰው ግን ጉዞው የሚጀምረው ከሱቁ ደጃፍ ነው። እስከ ቦሌ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም መንገድ በተጨናነቀ ሰዓት ከበረራው የበለጠ ጊዜ ሊበላ ይችላል። ቀድሞ መድረስ፣ ፍተሻና ወረፋ ሲደመሩ የአንድ ሰዓቱ በረራ አራት አምስት ሰዓት ይሆናል። ያም ሆኖ ከአውቶቡስ ተራ ሌሊት ተነሥቶ ሲመሽ ከመድረስ ይሻላል። በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋማ ሕመምተኛ ላለው ቤተሰብ ቲኬቱ ቅንጦት አይደለም፤ ዋጋው ለብዙው ሰው የማይቀመስ መሆኑ ከልብ ያሳዝነኛል። ቲኬት ለያዘ አንድ ማሳሰቢያ፦ 07:00 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው።

መርካቶና አውሮፕላን ማረፊያ ጎረቤት የነበሩበት ዘመንም አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ማረፊያው ከገበያው ብዙም በማይርቀው ልደታ ነበር። የልደታ ሜዳ ለጄት ስላልበቃ ቦሌ በ1950ዎቹ ተሠራ፤ ቦይንግ 720 አውሮፕላኖችም በ1955 ዓ.ም. ገቡ።

ዛሬ ብዙ ነጋዴ ጉዞውን ለሁለት ይከፍለዋል። ሻንጣ በኪሎ የተገደበ ስለሆነ ጨርቁም ጫማውም በማዳበሪያ ታስሮ በአይሱዙ ይጫናል፣ ባለቤቱ ደረሰኙን ይዞ በአየር ይቀድማል፤ ዕቃው ዓባይን ወርዶ ወጥቶ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ በማግስቱ ይደርስለታል።