ሞርሞንነትና ሌላው የክርስትና ትምህርት

ሞርሞንነት በጆሴፍ ስሚዝ መሪነት በ1830 በአሜሪካ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት የተጀመረ ሃይማኖታዊ እንቅስቃሴ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የእንቅስቃሴው ትልቁ ክፍል ዋና መሥሪያ ቤቱ በዩታ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ የሚገኘው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን ሲሆን፣ በራሱ ቆጠራ ከ17 ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት። አባላቱ ክርስቲያን መሆናቸውን አጥብቀው ይናገራሉ። የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክና የአብዛኞቹ ፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ግን ትምህርቱ ከክርስትና መሠረት የወጣ ነው ይላሉ። ክርክሩ ብዙ ነጥቦችን ቢያነሣም አብዛኞቹ ከአንድ ጥያቄ የሚመነጩ ናቸው፦ ሐዋርያት ካለፉ በኋላ ቤተክርስቲያን ጸንታ ቆየች ወይስ ጠፍታ ከሰማይ እንደገና መመለስ አስፈለጋት?

ስያሜ

«ሞርሞን» የሚለው ስም የመጣው ከመጽሐፈ ሞርሞን ነው። በመጽሐፉ ትረካ ሞርሞን የሕዝቡን ታሪክ በሰሌዳዎች ላይ አሳጥሮ የጻፈ ነቢይና የጦር አለቃ ነው። ስሙን በመጀመሪያ ለአማኞቹ ያወጡላቸው ተቃዋሚዎቻቸው ነበሩ፤ በኋላ ግን አማኞቹ ራሳቸው ተጠቀሙበት። በ2018 የቤተክርስቲያኗ ፕሬዚዳንት ራስል ኔልሰን የክርስቶስ ስም ያለበት ሙሉ መጠሪያ እንዲነገር አሳሰቡ። ከዚያ ቀደም በ1982 በመጽሐፈ ሞርሞን ርእስ ሥር ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ የሚመሰክር ሌላ ኪዳን መሆኑን የሚገልጽ ንዑስ ርእስ ተጨምሮ ነበር።

ታሪካዊ መነሻ

ጆሴፍ ስሚዝ በ1805 በቨርሞንት ተወለደ፤ ያደገው በምዕራብ ኒው ዮርክ በፓልማይራ አካባቢ ነው። በዚያ ዘመን አካባቢው በሃይማኖት መነቃቃት የተናወጠ ነበር፤ ሜቶዲስቶች፣ ባፕቲስቶችና ፕሬስቢቴሪያኖች ምእመናንን ለመሳብ ይሽቀዳደሙ ነበር። ስሚዝ እንደተረከው፣ በ1820 የትኛው ቤተክርስቲያን ትክክል እንደሆነ ለመጠየቅ ወደ ጫካ ገብቶ ሲጸልይ አብና ወልድ ተገለጡለት፤ ከማናቸውም ጋር እንዳይተባበርም ተነገረው። በ1823 ሞሮኒ የተባለ መልአክ የወርቅ ሰሌዳዎች የተቀበሩበትን ስፍራ አሳየው። ሰሌዳዎቹን በ1827 ተቀብሎ በእግዚአብሔር ኃይል እንደተረጎማቸው ተናገረ። መጽሐፈ ሞርሞን በመጋቢት 1830 ታተመ፤ ቤተክርስቲያኗ ደግሞ ሚያዝያ 6 ቀን 1830 ተመሠረተች።

አማኞቹ ከኒው ዮርክ ወደ ኦሃዮ፣ ከዚያም ወደ ሚዙሪ ሄዱ። በ1838 የሚዙሪ ገዥ ከክፍለ ግዛቱ እንዲባረሩ ትእዛዝ አወጣ። በኢሊኖይ ናቩ የተባለች ከተማ ሠሩ፤ ነገር ግን ስሚዝና ወንድሙ ሃይረም ሰኔ 27 ቀን 1844 በካርቴጅ እስር ቤት ሳሉ በታጠቁ ሰዎች ተገደሉ። አብዛኞቹ ብሪገም ያንግን ተከትለው በ1847 ሶልት ሌክ ሸለቆ ደረሱ። ያንግን ያልተከተሉ ወገኖችም ነበሩ፤ ከእነርሱ የወጣውና ዛሬ «የክርስቶስ ማኅበረሰብ» የሚባለው ቤተክርስቲያን ምሥጢረ ሥላሴን ይቀበላል። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚገለጸው ትምህርት መቀመጫውን ዩታ ያደረገው ቤተክርስቲያን ትምህርት ነው።

ክህደትና ዳግም መመለስ

በሞርሞን ትምህርት መሠረት ሐዋርያት ካለፉ በኋላ «ታላቁ ክህደት» ደረሰ፤ የክህነት ሥልጣንም ከምድር ተነሣ። ስለዚህ የቀድሞዋን ቤተክርስቲያን ማደስ ብቻ አይበቃም ነበር፤ ሥልጣኑ ራሱ ከሰማይ መመለስ ነበረበት። ስሚዝና ኦሊቨር ካውደሪ በ1829 መጥምቁ ዮሐንስ ተገልጦ የአሮንን ክህነት እንደሰጣቸው፣ ቀጥሎም ጴጥሮስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ የመልከ ጼዴቅን ክህነት እንደሰጧቸው ተናግረዋል። ይህ ከሉተር አቋም ይለያል፤ ሉተር ያለችውን ቤተክርስቲያን ለማረም ተነሣ እንጂ ፈጽማ ጠፍታለች አላለም።

ለዚህ ትምህርት ከሚጠቀሱት ጥቅሶች መካከል ከጌታ መምጣት አስቀድሞ ክህደት እንደሚመጣ የሚናገረው 2ኛ ተሰሎንቄ 2፥3 እና ሁሉ ስለሚታደስበት ዘመን የሚናገረው የሐዋርያት ሥራ 3፥21 ይገኙበታል። ተቃዋሚዎቹ የገሃነም ደጆች ቤተክርስቲያንን እንደማይችሏት የተነገረውን ማቴዎስ 16፥18ን እና ሃይማኖት ለቅዱሳን አንድ ጊዜ ፈጽማ እንደተሰጠች የሚያስረዳውን ይሁዳ 3ን ይጠቅሳሉ።

ነጥቡ በሐዋርያት የክህነት ሐረግ ለሚያምኑ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ከባድ ነው። ለምሳሌ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተክርስቲያን ክህነቷን በአራተኛው መቶ ዘመን በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በአትናቴዎስ ከተሾሙት ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ትቆጥራለች። የታላቁ ክህደት ትምህርት እውነት ከሆነ ያ ሹመት ሥልጣን አልነበረውም ማለት ነው። ሐረጉ ካልተቋረጠ ደግሞ ለስሚዝ ተልእኮ ምክንያት አይኖርም። በዚህ ነጥብ ላይ መካከለኛ መንገድ ማግኘት አስቸጋሪ የሆነው ለዚህ ነው።

ትምህርተ እግዚአብሔር

በ325 የተሰበሰበው ጉባኤ ኒቅያ ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ መሆኑን ወሰነ፤ በ381 ጉባኤ ቁስጥንጥንያ ስለ መንፈስ ቅዱስ ያለውን ትምህርት አጸና። በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ የተነሣው መለያየት ስለ ክርስቶስ ባሕርይ እንጂ ስለ ሥላሴ አልነበረም። ስለዚህ ተዋሕዶ፣ ካቶሊክና ምሥራቅ ኦርቶዶክስ በሌላ ቢለያዩም፣ እግዚአብሔር በአካል ሦስት በባሕርይ አንድ ነው በሚለው ይስማማሉ፤ አብዛኞቹ ፕሮቴስታንቶችም እንዲሁ።

ሞርሞኖች በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ቢያምኑም ሦስቱ በፈቃድና በዓላማ አንድ የሆኑ የተለያዩ አካላት ናቸው እንጂ በባሕርይ አንድ ናቸው አይሉም። አብም እንደ ወልድ የከበረ የሥጋና የአጥንት አካል አለው ብለው ያስተምራሉ። እስጢፋኖስ ኢየሱስን በእግዚአብሔር ቀኝ ቆሞ ማየቱን (ሐዋ. 7፥55) እና ክርስቶስ ደቀ መዛሙርቱ አንድ እንዲሆኑ መጸለዩን (ዮሐንስ 17) ለማስረጃ ያቀርባሉ። የኒቅያን ቃላት ከግሪክ ፍልስፍና የተወሰዱ አድርገው ይመለከቷቸዋል። የሌሎቹ መልስ እግዚአብሔር መንፈስ ነው የሚለው ዮሐንስ 4፥24 እና ከእግዚአብሔር በፊትም በኋላም ሌላ አምላክ እንደሌለ የሚናገረው ኢሳይያስ 43፥10 ነው። የጉባኤው ቃል የፍልስፍና ቢሆንም እንኳ የተመረጠው የመጽሐፍ ቅዱስን ትርጉም ለመጠበቅ እንደሆነ ያስረዳሉ።

ሞርሞንነት ብዙ ጊዜ ከአርዮስ ትምህርት ጋር ይመሳሰላል፤ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። አርዮስ ወልድ ካለመኖር የተፈጠረ ነው፣ አብ ብቻውን መጀመሪያ የለውም ብሎ አስተማረ። ሞርሞኖች ግን ዓለም ካለመኖር ተፈጠረ የሚለውን ራሱን አይቀበሉም፤ እግዚአብሔር ቀድሞ የነበረን ቁስ አካል አደራጀ ይላሉ። በመሆኑም ልዩነቱ ስለ ወልድ ደረጃ ብቻ ሳይሆን በፈጣሪና በፍጡር መካከል ስላለው ወሰንም ጭምር ነው።

ሰውና መክበር

ስሚዝ በሚያዝያ 1844 ባደረገው የቀብር ስብከት እግዚአብሔር ቀድሞ እንደ ሰው እንደነበረና ሰዎችም ወደ አምላክነት ማደግ እንደሚችሉ አስተማረ። ይህ ከክርክሩ እጅግ አጨቃጫቂ ነጥቦች አንዱ ነው። የሞርሞን ጸሐፊዎች ይህ የጥንት አባቶች ትምህርት ነው ሲሉ አትናቴዎስን ይጠቅሳሉ፤ አትናቴዎስ ቃል ሰው የሆነው ሰው አምላካዊ እንዲሆን ነው ብሎ ጽፏልና። የኦርቶዶክስ ሊቃውንት ግን አትናቴዎስ የተናገረው በጸጋ ስለ መክበር ነው ይላሉ፤ ሰው ከእግዚአብሔር ሕይወት ይካፈላል እንጂ ባሕርዩ አይለወጥም፤ ፈጣሪም ፍጡር ሆኖ አያውቅም። ያው አትናቴዎስ የኒቅያ ዋና ጠበቃ መሆኑ ደግሞ ቃሉን ከጉባኤው ለይቶ መጥቀስን አስቸጋሪ ያደርገዋል።

ቅዱሳት መጻሕፍት

ሞርሞኖች ከመጽሐፍ ቅዱስ ሌላ መጽሐፈ ሞርሞንን፣ «ትምህርትና ቃል ኪዳኖች» እና «የታላቅ ዋጋ ዕንቁ» የተባሉትን መጻሕፍት ይቀበላሉ፤ መገለጥም አልተቋረጠም ይላሉ። ተቃዋሚዎች በመጽሐፉ ላይ የሚጨምርን የሚያስጠነቅቀውን ራእይ 22፥18ን ይጠቅሳሉ። ሞርሞኖች ጥቅሱ የሚመለከተው የራእይን መጽሐፍ ብቻ እንደሆነና በዘዳግም 4፥2 ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠ በኋላ ብዙ መጻሕፍት እንደተጻፉ ይመልሳሉ።

የመጻሕፍት ቁጥር በክርስቲያኖች ዘንድ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ፕሮቴስታንቶች 66፣ ካቶሊኮች 73፣ የኢትዮጵያ ቤተክርስቲያን 81 ትቆጥራለች። ይሁን እንጂ ያ ልዩነት ከጥንት ከተወረሱት መካከል የትኞቹ ይቆጠሩ የሚል ነው፤ የሞርሞን ጥያቄ ግን በ19ኛው መቶ ዘመን የተገለጡ መጻሕፍት ይጨመሩ ወይ የሚል ነው። በክርክሩ ውስጥ የኢትዮጵያ መጽሐፈ ሄኖክም ይነሣል። ስሚዝ በ1830 ካስጻፈው ክፍል ውስጥ ረጅም የሄኖክ ራእይ አለ። ጄምስ ብሩስ ከኢትዮጵያ የወሰዳቸው የግእዝ ቅጂዎች መሠረት ሆነው መጽሐፈ ሄኖክ በ1821 በእንግሊዝኛ ታትሞ ስለነበር፣ ስሚዝ ያንን ትርጉም አይቶ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ምሁራንን እስካሁን ያከራክራል።

የታሪክ ጥያቄዎች

የስሚዝ ጥሪ በተወሰነ ቀንና ቦታ በተፈጸሙ ክስተቶች ላይ ስለቆመ፣ ክርክሩ ከጥቅስ አልፎ ወደ ታሪክ ማስረጃ ይገባል። መጽሐፈ ሞርሞን ከኢየሩሳሌም ወደ አሜሪካ ስለተሻገሩ ሕዝቦች ይተርካል። ከአማኞቹ ወገን ውጭ ያሉ የታሪክና የከርሰ ምድር ምሁራን መጽሐፉን እንደ ጥንታዊ ታሪክ አይቀበሉትም፤ አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት በዚያ ዘመን በአሜሪካ ያልነበሩ ፈረስና ብረት መሰል ነገሮችን መጥቀሱን ያነሣሉ። ደጋፊዎቹ ትረካው የተፈጸመው በጠባብ አካባቢ እንደሆነና አንዳንድ ስሞች ለሌሎች እንስሳት ወይም ነገሮች የተሰጡ ሊሆኑ እንደሚችሉ ይከራከራሉ።

ሌላው ነጥብ መጽሐፈ አብርሃም ነው። ስሚዝ በ1835 ከግብፅ የመጡ አስከሬኖችንና ፓፒረሶችን ገዝቶ ከመካከላቸው የአብርሃምን ጽሑፍ እንደተረጎመ ተናገረ። በ1967 ከኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የተመለሱት ቁርጥራጮች ሲመረመሩ ከአብርሃም ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ዘግይተው የተጻፉ የቀብር ጽሑፎች ሆነው ተገኙ። ቤተክርስቲያኗም በ2014 ባወጣችው ጽሑፍ ቁርጥራጮቹ ከመጽሐፈ አብርሃም ጋር እንደማይመሳሰሉ አምናለች፤ ፓፒረሱ ለመገለጡ ምክንያት ብቻ ሆኖ ሊሆን እንደሚችልም ገልጻለች።

ከአንድ በላይ ማግባት በ1852 በይፋ ታውጆ በ1890 በፕሬዚዳንት ዊልፈርድ ውድረፍ መግለጫ እንዲቆም ተደረገ። ጥቁር አፍሪካዊ ዘር ያላቸው ሰዎችም ከ1852 ጀምሮ ይጠመቁ ነበር እንጂ ወንዶቹ ክህነት አያገኙም ነበር፤ ሆኖም ኤላይጃ ኤብል የተባለ ጥቁር ሰው በ1836 ክህነት ተቀብሎ ነበር። ክልከላው በሰኔ 1978 ተነሣ፤ በ2013 ደግሞ ቤተክርስቲያኗ ጥቁርነትን ከእርግማን ጋር ያያያዙትን የቀድሞ ማብራሪያዎች እንደማትቀበል ገለጸች። ተቺዎች በሕያው መገለጥ የምትመራ ቤተክርስቲያን እንዴት ከመቶ ዓመት በላይ እንዲህ ያለ ሥርዓት ትይዛለች ሲሉ ይጠይቃሉ። ደጋፊዎቹ ነቢያት ከስሕተት ነፃ እንዳልሆኑ፣ የካምን እርግማን ባርነትን ለመደገፍ የጠቀሱ ሌሎች ክርስቲያኖችም እንደነበሩ ያስታውሳሉ። ዛሬ ቤተክርስቲያኗ በኢትዮጵያም ጉባኤዎች አሏት፤ መጽሐፈ ሞርሞንም በአማርኛ ይገኛል።

ጥምቀት

ልዩነቱ በተግባር ጎልቶ የሚታየው በጥምቀት ነው። ሞርሞኖች ሕፃናትን አያጠምቁም፤ ልጅ ስምንት ዓመት ሲሞላው ይጠመቃል። የተዋሕዶ ቤተክርስቲያን ግን ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ታጠምቃለች። ሞርሞኖች 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥29ን ጠቅሰው በቤተ መቅደስ ስለ ሙታንም ይጠመቃሉ፤ ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ጳውሎስ ልማዱን ጠቀሰ እንጂ አላዘዘም ይላሉ። በ2001 ቫቲካን የሞርሞን ጥምቀት ዋጋ እንደሌለው ወሰነ። ቃሉ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም ቢባልም፣ በስሞቹ የሚታመነው የተለየ ስለሆነ ነው። ሞርሞኖችም በበኩላቸው ከሌላ ቤተክርስቲያን የመጣን ሰው እንደገና ያጠምቃሉ፤ ምክንያታቸው የክህነት ሥልጣን ነው።

ውይይት

ለረጅም ዘመን የሁለቱ ወገኖች ግንኙነት በአብዛኛው ውግዘትና መልስ ነበር። በ1997 የወንጌላውያኑ ምሁር ክሬግ ብሎምበርግና የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ሮቢንሰን የሚስማሙበትንና የማይስማሙበትን ጎን ለጎን ያስቀመጠ መጽሐፍ በጋራ አሳተሙ። በ2004 የፉለር ነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ማው በሶልት ሌክ ሲቲ ወንጌላውያን ስለ ሞርሞኖች እምነት ያልሆነውን በመናገር እንደበደሉ አምነው ይቅርታ ጠየቁ፤ ንግግራቸው በገዛ ወገናቸው ዘንድም ተቃውሞ አስነሣ።

እነዚህ ውይይቶች ልዩነቱን አላስወገዱም፤ የት እንዳለ ግን ግልጽ አድርገዋል። «ክርስቲያን» ማለት በክርስቶስ አዳኝነት አምኖ እርሱን የሚከተል ከሆነ ሞርሞኖች ስሙ ይገባናል ይላሉ። ቃሉ በኒቅያ የተመሰከረውን እምነት የሚይዝ ማለት ከሆነ ግን፣ ያንን እምነት እንደማይቀበሉ ሞርሞኖች ራሳቸው ይናገራሉ። ሁለቱ ወገኖች «ሥላሴ»፣ «መዳን»፣ «አምላክ» የሚሉትን ቃላት በተለያየ ትርጉም ስለሚጠቀሙ፣ ክርክሩን የሚያጠና ሰው አስቀድሞ ተናጋሪው በቃሉ ምን ማለቱ እንደሆነ መለየት ይኖርበታል።