ስፍራ የሚመሰክረው

በ1854 እ.ኤ.አ. በበጋው ማብቂያ ላይ ሶሆ በሚባለው የሎንዶን ሰፈር ኮሌራ ድንገት ገብቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ መቶ ነፍስ በፈጀ ጊዜ፣ የዘመኑ ሊቃውንት አብዛኞቹ ደዌው ከተበከለ አየር የሚመጣ ነው ብለው ሲያስተምሩ፣ ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም ግን ምክንያቱ የሚጠጣው ውሃ መሆኑን አምኖ የሟቾቹን መኖሪያ ቤት ለቤት መርምሮ በካርታ ላይ አሰፈረ፤ ምልክቶቹም በብሮድ ጎዳና የውሃ ፓምፕ ዙሪያ ተከማችተው ታዩ። ይበልጥ የሚደንቀው ሞት ያለፈው ስፍራ ነው፤ እዚያው አጠገብ 535 ድኆች ይጦሩበት ከነበረው ቤት በኮሌራ የሞቱት 5 ብቻ ነበሩ፤ ቤቱ የራሱ ጉድጓድ ነበረውና።

ባለሙያዎች በአጭሩ ጂአይኤስ የሚሉት የመልክዐ ምድር መረጃ ሥርዓት መሠረተ ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ሕመምና ውሃ፣ አፈርና ዝናም፣ መንገድና ትምህርት ቤት በየመዝገባቸው ተለያይተው ሲኖሩ፣ የሚያዛምዳቸው ያሉበት ስፍራ ነው። ይህን ሥራ ለኮምፒዩተር ያስተማረው፣ በ1960ዎቹ የካናዳን የመሬት ሀብት ካርታዎች ለማስተባበር የደከመው ሮጀር ቶምሊንሰን ነው።

በሥርዓቱ ውስጥ እያንዳንዱ የነገር ዓይነት ለብቻው በአንድ ንብርብር ይሰፍራል፤ ጉድጓድ በነጥብ፣ ወንዝ በመስመር፣ እርሻ በወሰኑ ይወከላል፤ እንደ ከፍታ ያለው ወሰን የሌለው ነገር ደግሞ ምድሪቱ በጥቃቅን አራት ማዕዘናት ተከፍላ ለእያንዳንዱ ቁጥር በመስጠት ይገለጻል። ከጉድጓዱ ነጥብ ጋር ጥልቀቱና የተቆፈረበት ዓመት በሠንጠረዥ ይያያዛሉ። ንብርብሮቹም ሲደራረቡ፣ ንጹሕ ውሃ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቃቸው መንደሮች የትኞቹ እንደ ሆኑ ለሚጠይቅ ሹም መልሱ ይገኛል።

ይህ ሁሉ የሚጸናው ግን ንብርብሮቹ በአንድ መነሻ የተለኩ እንደ ሆነ ነው። የአገራችን የቀድሞ ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው፣ ስሙን ከኑቢያ ምድር በወሰደው የልኬት መነሻ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ከሳተላይት ምልክት የሚቀበለው ጂፒኤስ ግን በሌላ መነሻ ይቈጥራል፤ የሁለቱን ልዩነት ሳያርም ያደባለቀ ሰው አንዱን ስፍራ ከመቶ ሜትር በላይ ያዛውረዋል፤ ይህም የአንዱን ገበሬ ማሳ በጎረቤቱ ይዞታ ላይ ለማሳረፍ ይበቃል። ስለዚህ የይዞታ ካርታ የሚቀርብልህ አንባቢ ሆይ፣ ከመፈረምህ አስቀድሞ በየትኛው መነሻ እንደ ተለካ ጠይቅ።