ካናቢኖይድ ለዓይን ብግነት ሕክምና ይጠቅማልን?

የዛሬውን ርእስ የሰጡኝ አንዲት እናት ናቸው። አቃቂ በሰቃ ውስጥ ስለ ዓይን ጤና ካስተማርሁ በኋላ፣ «ልጄን የሚያሳክከውን ዓይኑን ያስታገሠለት ጠብታ ጎዳው አሉኝ፤ የካናቢስ ዘይት ይሻለዋል የሚባለው እውነት ነውን?» ሲሉ ጠየቁኝ። ልጁ የስቴሮይድ ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት ሲጠቀም ቆይቶ የዓይኑ ግፊት ጨምሯል።

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ስቴሮይድ ብግነትን በፍጥነት ያበርዳል፤ ሲራዘም ግን ግላኮማና የዓይን ሞራ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ መፈለጋቸው ተገቢ ነው።

ሰውነታችን ራሱ ካናቢኖይድ መሰል ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል። እነዚህም በዋናነት በሁለት ተቀባዮች ላይ ያርፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 የዘረ መል ቅንብሩ የታወቀው ሲቢ 1 በነርቭ ሥርዓት ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ አእምሮን የሚያደነዝዘው ውጤትም በእርሱ በኩል ነው። በ1993 የታወቀው ሲቢ 2 ግን በተለይ በበሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ላይ ይገኛል። ለእኛ ጉዳይ ተስፋ ያለው ይህኛው ነው።

በካናዳ የዳልሃውሲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ በባክቴሪያ መርዝ በአይጦች ዓይን ውስጥ ዩቪአይተስ የሚባለውን ብግነት አስነሡ። ሲቢ 2ን ብቻ የሚያነቃቃ ውሁድ ሲጨመር፣ ነጭ የደም ሕዋሳት በአይሪስ የደም ሥሮች ላይ መጣበቃቸው ቀነሰ፤ ተቀባዩ ሲታገድ ብግነቱ ባሰ። ውጤቱ የሚያበረታታ ቢሆንም የአይጥ ዓይን ነው፤ ውሁዱም በቤተ ሙከራ የተሠራ እንጂ ከማሳ የተቀጠፈ ቅጠል አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንታዊ ስሕተት ልለይ። ካናቢስ ማጨስ የዓይንን ግፊት እንደሚቀንስ በ1971 ተዘግቧል፤ ቅነሳው ግን ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ብቻ የሚቆይ ነው፣ የሚመለከተውም ግፊትን እንጂ ብግነትን አይደለም። ከዚህም የከፋ አለ፦ በ2018 በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ካናቢዲዮል የተባለው፣ በየገበያው «ዘይት» ተብሎ የሚሸጠው ንጥረ ነገር፣ የዓይንን ግፊት ጨመረ። ግፊቱ አስቀድሞ ከፍ ላለበት ለዚያ ልጅ፣ መድኃኒት ተብሎ የቀረበው ነገር ጉዳቱን ሊያከፋ ይችል ነበር። (ተክሉን ማምረትና መጠቀም በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን የሚያስቀጣ መሆኑንም ማስታወስ ይገባል።)

እናቲቱን ስቴሮይዱን በራሳቸው ፈቃድ በድንገት እንዳያቋርጡ፣ ልጁን ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል ወስደው ግፊቱን እንዲያስለኩ ነገርኋቸው። ለአለርጂ ማሳከክ ስቴሮይድ ያልሆኑ ጠብታዎች አሉ፤ ለጸና ሕመምም ሳይክሎስፖሪን የተባለው ጠብታ ይታዘዛል።