ዋንጫ የሚያስጥለው አቻ

አርሰናል ዋንጫ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየዲኤስቲቪ ቤቱ ሲጦፍ የሚቆጠረው ሽንፈት ነው፤ ስንቴ ተሸነፍን፣ ከሜዳችን ውጪ ከእነማን ጋር ይቀረናል ይባላል። አቻ የተወጣበት ጨዋታ ግን «ቢያንስ አልተሸነፍንም» ተብሎ ይታለፋል። በእኔ እምነት ስሌቱ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝ ሊግ እስከ 1981 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ያሸነፈ 2፣ አቻ የወጣ 1 ነጥብ ያገኝ ነበር፤ አቻ የድል ግማሽ ነበር ማለት ነው። ድል 3 ነጥብ ከሆነ ወዲህ ግን የአቻ ዋጋ ወደ ሲሶ ወረደ። ዛሬ ሁለቴ አቻ የወጣ ቡድን፣ አንዴ አሸንፎ አንዴ ከተሸነፈው በ1 ነጥብ ያንሳል።

ይህ ሂሳብ የዋንጫ ባለቤት እንደሚቀይር የ2018/19 ውድድር ዓመት ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። ሊቨርፑል በ38 ጨዋታ የተሸነፈው አንዴ ብቻ ነው፤ ማንችስተር ሲቲ አራቴ ተሸንፏል። ሲቲ ግን 32 ጊዜ አሸንፎ ሁለቴ ብቻ አቻ ስለወጣ በ98 ነጥብ ዋንጫውን ወሰደ፤ 30 ጊዜ አሸንፎ 7 ጊዜ አቻ የወጣው ሊቨርፑል በ97 ቀረ። በድሮው አቆጣጠር ቢሆን ሊቨርፑል 67 ለ66 ይበልጥ ነበር። አርሰናል በ2003/04 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ዋንጫ ሲያነሳ እንኳ 12 ጊዜ አቻ በመውጣቱ የሰበሰበው 90 ነጥብ ነው፤ አራቴ ከተሸነፈው ከዚያ ሲቲ በ8 ያንሳል። (ይህን ለአርሰናል ደጋፊ መንገር ጠብ መፈለግ ነው።) በ2022/23 ደግሞ ደጋፊው የሚያስታውሰው ኤፕሪል ማብቂያ ላይ በሲቲ የደረሰበትን የ4 ለ1 ሽንፈት ነው። ከዚያ በፊት ግን አርሰናል ሊቨርፑልንም ዌስትሃምንም 2 ለ0 ሲመራ ቆይቶ 2 ለ2 ተለያይቷል፤ በገዛ ሜዳውም ከሰንጠረዡ ግርጌ ከነበረው ሳውዝሃምፕተን ጋር 3 ለ3 ወጥቷል። በሦስቱ ጨዋታ 6 ነጥብ ጣለ፤ ዋንጫውን ያጣው በ5 ነው።

በዋና ተፎካካሪ ሜዳ አቻ መውጣት ትርፍ ነው የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ተፎካካሪውም 2 ነጥብ ይጥላልና፤ ግን እንዲህ ያለ ጨዋታ በዓመት ከሁለት ሦስት አይበልጥም። ጠንከር ያለው ሙግት የ2023/24ቱ ነው። ሲቲም አርሰናልም እኩል 28 ጊዜ አሸነፉ። ሲቲ 7 ጊዜ አቻ ወጥቶ 3 ጊዜ ተሸነፈ፤ አርሰናል 5 ጊዜ አቻ ወጥቶ 5 ጊዜ ተሸነፈ፤ ዋንጫው በ91 ለ89 የሲቲ ሆነ። ሲቲን የጠቀመው አቻ አይደለም ወይ? ከሽንፈት አቻ እንደሚሻል አልክድም። ነገር ግን አንዲት ጎል ሽንፈትን ወደ አቻ ብትቀይር 1 ነጥብ ትጨምራለች፤ አቻን ወደ ድል ብትቀይር 2። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ አርሰናል በሜዳው ፉልሃምን 2 ለ1 እየመራ ነበር፤ ፉልሃም በቀይ ካርድ አንድ ተጫዋች ጎድሎበታል። በ87ኛው ደቂቃ የፉልሃሙ ፓሊኛ አስቆጠረና 2 ለ2 ተለያዩ። ያቺ ጎል ባትገባ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ አርሰናልም 91 ነጥብ ይኖረው ነበር። የሁለቱ የግብ ልዩነት በመጨረሻ እኩል 62 ስለነበር የአርሰናሉ 63 ይሆንና ዋንጫው ለንደን ይገባ ነበር።