ጨረር ሲያንስ ሥዕሉ እንዴት ይጠራል?

ባለፈው ክረምት ታናሽ ወንድሜ ከዛፍ ወድቆ ጭንቅላቱን ስለ ተመታ፥ ከይጁቤ ወደ ከተማ ወስደነው በሲቲ ስካን ተነሣ። እናቴ በፍርሃት «ዶክተር፥ ጨረሩ ልጄን አይጐዳብኝም ወይ?» ብላ ጠየቀች። ሐኪሙም «አይዞዎት እናቴ፤ ለሕፃን ቀንሰን ነው የምናነሣው። ከልክ በላይ ብንቀንሰው ግን ሥዕሉ ይበላሻል» አላት። ወንድሜ ድኖ ዛሬ ከብት ይጠብቃል፤ እኔ ግን ሥዕሉ ስለ ምን እንደሚበላሽ ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን እነሆ አቀርባለሁ።

በ1971 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሕመምተኛ የተነሣበት ይህ መሣሪያ፥ በሰውነት ዙሪያ እየዞረ ኤክስሬይ ይልካል፤ ምን ያህሉ እንዳለፈም ይለካል። ሥዕሉን የሚያወጣው ኮምፒዩተሩ ከዚህ ልክ ተነሥቶ ነው።

ስሕተቱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደሚንቀጠቀጥ ሚዛን ነው። 10,000 የጨረር ቅንጣት ሲያልፍ ቍጥሩ በ100 ያህል ከፍና ዝቅ ይላል፤ ይህም ከመቶ 1 ነው። 100 ብቻ ሲያልፍ ግን በ10 ያህል ይዋዥቃል፤ ይህም ከመቶ 10 ነው። ሥዕሉ ላይ እንደ ተበተነ ጤፍ የሚታየው ነጠብጣብ ከዚህ ይመጣል። በሚንቀጠቀጥ ሚዛን ደጋግሞ መመዘን ወደ እውነቱ ያቀርባል፤ ሕፃንን ደጋግሞ ማንሣት ግን ጨረሩን መልሶ ማብዛት ነው።

ሁለተኛው እንደ ተዛባ ሚዛን ነው፤ መቶ ጊዜ ቢመዝኑበት መቶ ጊዜ ያጐድላል። የዚህ አንዱ ምክንያት ሎጋሪዝም ነው፤ የሰውነቱ ጥቅጥቅነት የሚሰላው በእርሱ ነውና። ጓደኞቼ፥ በደብተራችሁ ሞክሩት። እውነተኛው ቍጥር 10 ሆኖ መሣሪያው አንዴ 5 አንዴ 15 ቢያነብ አማካዩ 10 ነው። የሎጋሪዝሞቹ አማካይ ግን 0.94 እንጂ 1 አይደለም። ስለዚህ ያለፈው ጨረር ያነሰ፥ ሰውነቱም ከእውነቱ ይልቅ የጠጠረ ይመስላል።

መድኃኒቱስ? ቍጥሩ ባነሰበት ስፍራ ሎጋሪዝሙ ሳይወሰድ በፊት በአጠገቡ ካሉት ቍጥሮች ጋር አማካዩ ይያዛል። ወይም ኮምፒዩተሩ አንድ ሥዕል ገምቶ፥ ያ ሥዕል እውነት ቢሆን ምን ቍጥር ይገኝ እንደ ነበር ያሰላል፤ ከተለካው ጋር እያስተያየም ደጋግሞ ያርማል፤ ብዙ ቅንጣት ያለፈበትንም መስመር አብልጦ ያምናል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከብዙ ሥዕሎች የተማረ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነጠብጣቡን ያጠራል።

ነገር ግን በአውድማ ላይ ነፋስ ሲበዛ ከእብቁ ጋር ፍሬውም ይሄዳል። ጥቂት የፈሰሰ ደም ከነጠብጣቡ ጋር ተጠርጎ ቢጠፋ፥ ያማረው ሥዕል ውሸተኛ ምስክር ይሆናል። ስለዚህ ሥዕሉን የሚያየው ሐኪም ከውበቱ ይልቅ እውነቱን መሻት አለበት።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ሐኪም ሲያዝ ጨረሩን ፈርታችሁ ልጃችሁን አትከልክሉ፤ «ልኩ ለሕፃን ተስተካክሏል ወይ?» ብላችሁ ግን ጠይቁ። ጓደኞቼም፥ ሎጋሪዝም ምን ይጠቅማል አትበሉ፤ የአንድ ሕፃን ሕይወት በእርሱ ትክክለኛነት ላይ ሊቆም ይችላልና።